ወደ ላይ የላጨሁት ጢም

እኔ ሰው አልወድም። ሰው ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ጉሮሮውን እየሰጠኝ ኖሯል። ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ምላጭ በያዘ እጄ ስር ይቀመጣል። ስጨርስ መስታወት ያያል፣ አገጩን ይዳብሳል፣ ይሄዳል። እኔን ያየኝ የለም። አልከፋኝም፤ ሥራው እንዲህ ነው።

እዚህ የምጽፈው ስለ አንድ ሰው ጢም ነው። እኒያን ሰው ስንት ጊዜ እንደላጨኋቸው አላውቅም፤ አንዷን ቀን ግን አበላሽቻለሁ። ሽማግሌዎቹ ለዚያች ቀን ጥሩ አደረግህ ብለው መርቀውኛል። ምርቃታቸው እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

አባቴ ወግዲ በኩል የሰው መሬት እያረሰ ሞተ። መሬት ላራሹ ተብሎ ሲታወጅ እኔ መካነ ሰላም ለሰው እንጨት እፈልጥ ነበር። ወሬውን ሰምቼ እስክደርስ መሬቱ ለሌላ ተሸንሽኖ አገኘሁት። «የት ነበርክ?» አሉኝ። እንጨት እየፈለጥኩ ነበር ላለ ሰው መሬት አይሰጥም። ተመለስኩ። መፍለጡ ወገቤን ሲጨርሰው ገበያ ዳር ካለች ባሕር ዛፍ ስር ሰው ድንጋይ ላይ እያስቀመጥኩ መላጨት ጀመርኩ። መላጨት ከተባለ ነው። ምላጩን በሁለት ጣቴ ቆንጥጬ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ረጭቼ እፍቃለሁ። ጭንቅላትም ጢምም ለእኔ አንድ ነበር። ደም ከመጣ አመድ እነሰንስበታለሁ።

አንድ የገበያ ቀን ካኪ ኮት የለበሱ ዘንካታ ሰው ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው ያዩኛል። በንጉሡ ጊዜ ወታደር ነበሩ፤ እግራቸውን ተመትተው በጡረታ የተመለሱ ናቸው። ከተማው ሁሉ አሥር አለቃ ነው የሚላቸው።

«አንተ፣» አሉኝ፣ «በግ ነው የምትገፈው?»

«ሰው ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አለ?»

ድንጋዩ ላይ የተቀመጠው ገበሬ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ «ከተናገርኩ ይቆርጠኛላ፣ አሥር አለቃ!» አለ።

ገበያተኛው ሳቀ። እኔ ተናደድኩ። «ከቻሉ እርስዎ ይላጩት!» አልኳቸው።

«እችላለሁ» አሉና ሄዱ።

በማግስቱ የቆርቆሮ ሳጥን ይዘው መጡ። ውስጡ ሦስት ቦታ የሚፈታ የናስ መላጫ አለ፤ እጀታው ጫፉ ላይ ተሸርፏል። አጥንት የመሰለ እጀታ ያለው ብሩሽ አለ። ክዳን ባላት የእንጨት ዕቃ ውስጥ ደግሞ ክብ ሳሙና። አሥመራ ሳሉ ከአንድ ጣሊያን ሱቅ የገዙት ነው። ያን ዕለት ድንጋዩ ላይ ያስቀመጡት እኔን ነበር። በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ፊቴ ላይ ጣሉብኝ፤ የምታፈን መስሎኝ ልነሳ ስል ትከሻዬን ተጭነው አስቀመጡኝ። ብሩሹን ነክረው አራገፉ፣ ሳሙናው ላይ እያሽከረከሩ አረፋውን አስነሱ፣ ከዚያ ጉንጬን በክብ በክብ አሹት። ጢም ሲርስ ይቆማል፣ የቆመ ጢም አያምም አሉኝ። መላጫው ሲያልፍብኝ አልታወቀኝም።

«አትጫነው፣» አሉ፣ «ክብደቱ ይበቃዋል። ጉልበትህን ለእንጨት አስቀምጠው። ቆዳውን በግራ እጅህ ወጠር፣ መላጫውን ወደ ታች ልቀቀው፣ በቃ።»

«ወደ ላይ ቢሆን አይጠራም?» አልኳቸው። ሽቅብ ሲፋቅ የበለጠ እንደሚለሰልስ አውቅ ነበር።

«ይጠራል። ግን ቆዳ ያስቆጣል። እኛ ወደ ላይ የምንላጨው ግንባር ስንወጣ ነው፤ ወር ሁለት ወር ውሃም ምላጭም አታገኙም ሲሉን። ወደ ላይ የተላጨ ይቆያል። ነገ ለሚመለስ ሰው ግን ወደ ታች ይበቃዋል። ይቺን ያዝ።»

ያዝኳት። ሳጥኑንም ያዝኩት፤ ልመልሰው ስል አልተቀበሉኝም። በአጥራቸው ጥግ፣ በመንገዱ በኩል፣ በቆርቆሮ አንድ ክፍል ቀለሱልኝና እዚያ ወንበር አስገባሁ። ኪራይ ስላቸው፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ ላጨኝ» አሉ። ሌላ የጠየቁኝ የለም። እንዲህ ያለ ደግነት አልወድም፤ መመለሻው አይታወቅም።

ዘመኑ ምላጭ የጠፋበት ነበር። የሕብረት ሱቅ ሲመጣ ለአንድ ሰው አንድ ይላል፣ ሳይመጣም ይከርማል። አንዷን ምላጭ ስንት ጊዜ እንደምናገላብጣት ያየ አይፈርድብንም። ስትደነዝዝ ከብርጭቆ ውስጠኛው ግድግዳ ጋር በጣት ተጭኖ ወዲያና ወዲህ ማሸት ነው፤ ትንሽ ትነቃለች። የአሥመራው ሳሙና ሲያልቅ የልብስ ሳሙና ፍቄ፣ በሙቅ ውሃ አሽቼ እዚያችው የእንጨት ዕቃ ውስጥ እጋግረው ጀመር። ይለበልባል። ከቆላ በሚመጣ ሎሚ አብርደው ነበር፤ እሱም የባሰ ይለበልባል።

ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ በመሠረተ ትምህርት። ያስተማረችኝ የአሥር አለቃው ሴት ልጅ ናት። ዘጠነኛ ክፍል ነበረች፤ ከፊቷ የምንቀመጠው እናቷንና አባቷን የምናክል ሰዎች ነን። ጠመኔውን በሁለት ጣቴ ቀለል አድርጌ ይዤ ሰሌዳው ላይ ሳንሸራትተው አይታይም።

«ጋሼ፣ ጠመኔ ነው እኮ፣ ምላጭ አይደለም። ይጫኑት!» ትለኛለች።

አባቷ አትጫን ይሉኛል፣ እሷ ይጫኑ ትለኛለች። በእነዚህ ሁለት ሰዎች መሃል ሰው ሆንኩ። ማንበብ የቻልኩ ዕለት ሮጬ ሱቄ ገባሁና የምላጩን ወረቀት አነሳሁ፤ ስንት ዓመት በእጄ ስይዘው ምን እንደሚል ልወቅ ብዬ። የፈረንጅ ፊደል ሆኖ ቀረ።

ወንድሟ ከእሷ ያንሳል። ጢሙ ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ሊሄድ ሲል አባቱ ይዘውት መጡና ላጭልኝ አሉ፤ የሚላጭ ነገርም አልነበረው። ስጨርስ እጁን ዘርግቶ፣ «እስኪ መላጫውን ልየው» አለኝ።

«ተወው፣ ይቆርጥሃል» አልኩትና አጥቤ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት። ለዚህ የተለየ ምክንያት አልነበረኝም። ዕቃዬን ሰው ሲነካው አልወድም።

በዚያን ጊዜ ልጁ የዘመተበትን ሰው ስታገኝ ሰላምታው አንድ ነው፤ «ከልጅዎ ወሬ አለ?» ይባላል። ክርስቲያኑም እስላሙም ይጠይቃል። አሥር አለቃውም፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ ብሏል» ይላሉ፤ ወሎ ነውና ማርያም ጠበል እየጠጡም አልሐምዱሊላህ ነው። ደብዳቤ ሲመጣ ለእኔ ሰጥተው ያስነብቡኝ ነበር። ማንበብ ቢችሉም ከሰው አፍ መስማት ይሻላል ይሉ ነበር። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ፎጣውን ፊታቸው ላይ ሳልጥል በፊት መጀመሪያ የምጠይቃቸው ይህንኑ ነው። ሚስታቸው ቀደም ብላ ስለሞተች ያላቸው እነዚሁ ሁለት ልጆች ናቸው።

ሴቷን ልጅ መጀመሪያ የጠየቃት ሰው ነበር። ቀን ተቆርጦ፣ ዳሱ ሊጣል ግንዱ ከተገዛ በኋላ የሰባ ሰባቱ ድርቅ መጣ። የልጁ ቤተሰብ ወደ ሰፈራ ሄደና በዚያው ቀረ። ከተማው አፉ ክፉ ነው፤ ቀን የማይቀናት ይሏት ጀመር። ከሦስት ዓመት በኋላ አቀስታ የሚያስተምር ሰው ጠየቃት። የእሱም እናት ይህን ስም ሰምታ ኖሮ ስታንገራግር እንደነበር እናውቃለን። እንደ ምንም ቀኑ ተቆረጠ፤ ጥር ውስጥ፣ እሑድ።

ከዚያ እሑድ በፊት ባለው ረቡዕ ከደሴ የመጣው አውቶቡስ አንድ ወታደር አወረደ። ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ጢሙ አገጩን አልፎ ወርዷል። የሱቄ በር ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይላጩኛል? ሹፌሩ ምሳ በልቶ እስኪመለስ ነው።»

«የት ልትሄድ ነው?»

«ከላላ፣ እናቴ ቤት። በዚህ ጢም ብገባ ሞት ይዞ መጣ ብላ ከሩቅ ትጮህብኛለች።»

እውነቱን ነው። በእኛ አገር ካህን ወይ ሼህ ካልሆነ በቀር ጢም የሚያሳድገው ሐዘን የደረሰበት ወንድ ነው። ሲያንስ እስከ አርባው ምላጭ አያስነካም፤ የሞተው ልጁ ከሆነ እስከ ዓመቱ ተዝካር። ጢሙ የጎፈረ ሰው መንገድ ላይ ሲገኝ ከሰላምታ በፊት ማን ሞተብህ ይባላል።

አስቀመጥኩት። በመቀስ ከረከምኩለት፣ ፎጣውን ጣልኩ፣ አረፋውን ቀባሁት። መላጫውን ሳነሳ ዓይኑ እጀታው ላይ ተተከለ።

«ጋሼ፣ ይሄ ጫፉ የተሸረፈው… የአሥር አለቃው መላጫ አይደለም?»

«በምን አወቅክ?»

ሳቀ። «ስንት ቀን አውርቶልኛል መሰለዎት! ምሽግ ውስጥ ሌላ ምን ወሬ አለ? አባቴ የአሥመራ መላጫውን ለጎረቤት ሰጠው፣ ለእኔ ለልጁ ሳያወርሰኝ ይላል። ስንመለስ ሄደን እናስመልሳለን እንባባል ነበር።»

«እሱስ የት አለ?» አልኩት።

ሳቁ ቆመ። ግማሽ ፊቱ አረፋ ነው።

«እሱማ አይመጣም፣ ጋሼ። ከከረን ወዲያ አጠገቤ ነው የወደቀው። ወር አልፎታል። እኔና አንድ ሌላ ልጅ ነን የቀበርነው።» አረፋውን ከከንፈሩ ጠረገና፣ «ቤታቸው የት ነው? ልንገራቸው?» አለኝ።

ቤታቸው ከቆርቆሮው ግድግዳ ወዲያ ነው። አሥር አለቃው ዳስ ከሚሠሩት ሰዎች ጋር ሲጨቃጨቁ ይሰማል። «ወደ ግራ! ባላውን ወደ ግራ አልኩህ! ጎባጣ ዳስ ልታስገቡኝ ነው?» ይላሉ።

«እንዳትነግር፣» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እሑድ ልጅ ይድራሉ።»

ሌላም ነገር አለ። መርዶ አንድ መንገደኛ በቀትር የሚጥለው ነገር አይደለም። ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ካህኑ ፊት ቀድሞ፣ ሰውየው እቤቱ ሳለ ነው የሚነገረው። ልጁ ይህን ያውቃል። ራሱን ነቀነቀ። የቀረውን ግማሽ ፊቱን ላጨሁለት፣ ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ፣ ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጎረቤታችን ወደ ሐጂው የጨርቅ ሱቅ ሄድኩ። የአሥር አለቃውን ነፍስ አባት አስጠራናቸው። ከመጋረጃው ኋላ ሦስት ሆነን ቆምን፤ ነገርኳቸው። ቄሱ አማተቡ። ሐጂው መደገፊያ ፈልገው የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጡ።

«ሞት ደብቀን እናስጨፍር?» አሉ ቄሱ።

«ይቺ ልጅ ሁለተኛ ዳስ ከፈረሰባት፣» አሉ ሐጂው፣ «ሦስተኛ የሚጥልላት የለም። ሐዘን ገባ ከተባለ ዓመት ይጠበቃል። ዓመት የሚጠብቃት ማን ነው? ያቺ የአስተማሪው እናት? ወላሂ እኔ አላፈርሰውም።»

«የሙትስ ነገር?»

«አባ፣ ሞቶ ስንት ጊዜው ነው?»

«ወር አልፎታል ብሏል» አልኩ።

«ወር የጠበቀ ሙት ሳምንት ይጠብቃል። አላህ ይርሐመው።»

በዚህ ተቆረጠ። እሑድ ትዳራለች፣ አቀስታ ትገባለች፤ ረቡዕ ጎህ ሲቀድ እንነግራቸዋለን። ለሚመለከተው ሰው ብቻ በጆሮው ይነገር ተባለ። መካነ ሰላም ውስጥ የማይመለከተው ሰው የለም፤ ሐሙስ ገበያው ሁሉ ያውቅ ነበር። ከእሳቸውና ከልጅቷ በቀር።

ቄሱ ስወጣ ያዙኝ። «አንተ፣ አፍህን ያዝ።»

«ቅዳሜ ይላጫቸዋል እኮ፣» አሉ ሐጂው በሥጋት።

«ይላጫቸዋ! አፉን ነው ያዝ ያልኩት፣ እጁን አይደለም።»

ቅዳሜ መጡ። ካኪ ኮታቸው ተተኩሷል። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ፣ «ዛሬ ሙሽራው እኔ ነኝ፤ አሳምረኝ» አሉ።

ፎጣውን ነከርኩ። አፌን «ከልጅዎ ወሬ አለ?» ለምትለው ጥያቄ ከፈትኩ፤ ስንት ዓመት የለመድኳት ናትና ሳላስባት ምላሴ ላይ መጣች። ዋጥኳት። ስለ ዳሱ ጠየቅኩ። ስለ በሬው ጠየቅኩ። ከአቀስታ የሚመጣው መኪና ስንት ሰው እንደሚጭን፣ ጠላው እንዴት እንደወጣ፣ ሁሉንም ጠየቅኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ለፍልፌ አላውቅም። እሳቸው ሁሉንም መለሱልኝ።

ውሃው ልክ ነበር፣ አረፋው ልክ ነበር። ለእሳቸው ብዬ ያስቀመጥኳት ያልተነካች ምላጭ ነበረችኝ፤ እሷን አስገባሁ። ከጆሮ ግንዳቸው ጀምሬ ወደ ታች አወረድኩ።  ጉሮሯቸውን ጨርሼ በፎጣ ጠረግኩና፣ ሊነሱ ከዘራቸውን ሲፈልጉ፣ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ከረቡዕ በኋላ ይህ ፊት ዓመት ሙሉ ምላጭ አያይም አልኩ። እኔ ምን ልሰጣቸው እችላለሁ? ያለኝ ይኸው ነው አልኩ። ብሩሹን መልሼ ነከርኩ።

«ምነው?» አሉ።

«ለሠርግ ነው፤ ልድገመው» አልኩና ትከሻቸውን ያዝ አደረግኩ።

አረፋውን ደገምኩ። መላጫውን ከጉሮሯቸው ስር አስገብቼ ወደ ላይ ሳብኩት።

የወንበሩን ክንድ ጨበጡ። ዓይናቸው ተጨፍኖ ነበር፣ ተከፈተ።  እኔ ግን አላቆምኩም፤ አገጩን፣ ጉንጩን፣ ከከንፈር በታች ያለውን፣ ሁሉን ሽቅብ ጠረግኩት። ለስልሶ የሕፃን ቆዳ መሰለ። አንዲት ጠብታ ደም ከአንገታቸው ወጣች፤ ሎሚ ስይዝባት እንኳ አልተንቀሳቀሱም።

«ጨረስክ?» አሉ።

«ጨረስኩ።»

ተነሱ። ሰው ተላጭቶ ሲነሳ መስታወት ያያል ብያለሁ። እሳቸው እኔን አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው አነሱና፣ «እጅህን ይባርከው» ብለው ወጡ። ሞኝ ነኝ፤ ደስ ብሏቸው ነው አልኩ።

ሠርጉ ሠርግ ነበር። የአስተማሪው እናት ሳትቀር ሁሉም በሉ፣ ጠጡ፣ ጨፈሩ። እኔ ከዳሱ ምሰሶ ጋር ተጣብቄ ቆምኩ። አሥር አለቃው ከዘራቸውን እንደ ጠመንጃ ይዘው ለፉከራ ወጡ። ሁልጊዜ ሲፎክሩ መጨረሻ ላይ የወንድ ልጃቸውን ስም ጠርተው የእሱ አባት ብለው ነው መሬቱን የሚመቱት። ያን ቀን የአባታቸውን ስም ጠሩ፣ የአያታቸውን ጠሩ፣ የሴት ልጃቸውን ስም ጠሩ፣ መሬቱን መቱ። ሐጂው ከወዲያ ማዶ አዩኝ። እኔ እግሬን አየሁ።

ልጅቷ መኪናው ላይ ስትወጣ አባቷን ስማ እኔ ጋ መጣች። «ጋሼ፣ ማንበቡን እንዳይተዉት» አለችኝ። አልተውም አልኳት።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ስምንት ሆነን ሄድን። ቄሱ ከፊት፣ ሐጂው ከጎናቸው፣ እኔ ከኋላ። በሩ ክፍት ነበር። ዳሱ ውስጥ አግዳሚዎቹ በረድፍ ተደርድረዋል። አሥር አለቃው ጋቢ ለብሰው ከፊት ለፊታቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አገጫቸው ከተላጨ አራት ቀን የሆነው ሰው አገጭ አይመስልም፤ ገና ልስልስ ነው።

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «አሥር አለቃ፣ ሰው የእግዚአብሔር ነው…» ብለው ጀመሩ።

«አባ፣ አይድከሙ። ተቀመጡ፣» አሉ። «ስንት ጊዜው ነው?»

 ሐጂው፣ «ወር አልፎታል» አሉ።

«ተቀብሯል?»

«ጓደኞቹ ቀብረውታል።»

ያኔ ጮኹ። ያንን ድምፅ አልጽፈውም። ሲነጋ አገሩ መጥቶ ዳሱን ሞላው፤ የሠርጉ ቄጤማ ገና አልተጠረገም ነበር። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ከአቀስታ ደረሰች፤ ራሷን ተላጭታ። በሴቶቹ መሃል አልፋ ፊቴ ቆመች።

«ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። ከዚያ ወዲህ ስታገኘኝ ሰላም ትለኛለች፤ ጋሼ ግን አትለኝም። ባሏ ጥሩ ሰው ነው፤ ወልዳለች። ቀበሌው ደግሞ የሞቱ ወረቀት ከመንግሥት ሳይመጣ ምን ዳስ ጣላችሁ ብሎ ሰው ላከብን። ወረቀቱ ዛሬም አልመጣም።

ሽማግሌዎቹ ግን ምስጢር ጠባቂ ብለው መረቁኝ። ከምርቃቱ ማግስት አሥር አለቃው ከለቀስተኛው ነጠል ብለው ጠሩኝ። ጢማቸው ነጭ ሆኖ ብቅ ማለት ጀምሯል።

«ቅዳሜ ለምን ወደ ላይ ላጨኸኝ?» አሉ።

የጋቢዬን ጫፍ መጠቅለል ያዝኩ።

«ሐሙስ ገበያ ወጣሁ። አንድ ሰው ስለ ልጄ አልጠየቀኝም። ሠርግ ስለሆነ ነው አልኩ። ዓርብ ሐጂው ጋ ገባሁ፤ ስለ ነጠላ ጥለት ብቻ አወራኝ። እሱንም ሠርግ ነው አልኩ። ራሴን ሞኝ አደረግኩት። አንተ ጋ መጣሁ። አንተም አልጠየቅከኝ፤ ይሁን። ወደ ላይ ላጨኸኝ።»

«እንዲቆይልዎ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።»

«ካወቁ ታዲያ ሠርጉን ለምን አላቆሙትም?»

«ማን ነገረኝና ነው የማቆመው?» አሉ። ከዘራቸውን አንስተው ወደ ለቀስተኛው ተመለሱ።

ይኸው ነው የሠራሁት። አገር ሁሉ ተስማምቶ ለእኒህ ሰው አራት ቀን ሰጣቸው፤ ሳያውቁ ልጃቸውን እንዲድሩ። እኔ በቸርነቴ ቀማኋቸው። ያንን ይዘው በሉ፣ ያንን ይዘው ፎከሩ፣ ሙሽራ ሳሙ። ክፉ ሰው ብሆን ኖሮ፣ እንደ ሌላው ቀን ወደ ታች ብቻ ላጭቼ ብሰዳቸው፣ ምንም ባልሆነ ነበር።

ዓመት ሙሉ ጢማቸው አደገ። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ወንበሩ ላይ አይቀመጡም፤ በሩ ላይ ባለች ድንጋይ ተቀምጠው ሌላው ሲላጭ ያያሉ። ስለዚያ ነገር አላነሱም፣ አላነሳሁም። አንዳንዴ አረፋህ ቀጥኗል ይሉኛል።

ተዝካሩ በወጣ ማግስት ገቡና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ጢማቸው ደረታቸው ላይ ደርሷል። በመቀስ ስከረክመው ወለሉ ነጭ ሆነ። ፎጣውን ጣልኩ፣ አነሳሁ፣ ብሩሹን በክብ በክብ አዞርኩ። መላጫውን ስይዝ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ተናገሩ።

«ያ ወታደር፣» አሉ፣ «እዚህ ተቀምጦ፣ ልጄ ስለ እኔ ያለው ነገር የለም?»

መላጫው በእጄ ነው። ለእኔ ለልጁ ሳያወርሰኝ ያለው እሱን ነው። ልየው ብሎ እጁን የዘረጋውም ለእሱ ነው።

«ስለዚህ መላጫ ያወራ ነበር አለኝ።»

«ምን እያለ?»

«አባቴ የአሥመራ መላጫ አለው፣ ስንመለስ በእሱ እንላጫለን እያለ።»

ከተዘጋው ዓይናቸው ጥግ እንባ ወጣና አረፋው ውስጥ ገባ። እኔ ከጆሮ ግንዳቸው ጀምሬ ወደ ታች አወረድኩ፤ አልተጫንኩትም። ጉንጫቸው ከዓመት በኋላ ሲወጣ ጎድጉዷል፣ ቆዳውን መወጠር ቸገረኝ። ጉሮሯቸውን ስጨርስ በፎጣ ጠረግኩና ብሩሹን ይዤ ቆምኩ።

«ወደ ላይ ልድገመው?» አልኳቸው።

አገጫቸውን ዳበሱ።

«ተው። ወደ ታች ይበቃል፣» አሉ። «ቅዳሜ እመጣለሁ።»